ስለ አንድ ዓሣ የተላከ ሽማግሌ

ሲያትል፣ ስካይዌይ
ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለእትዬ አጸደ፣ ሐዋሳ

ነገሩ የተበላሸው ወንድምዎ ጋሽ ኃይለ መስቀል «ስጪኝ፣ ልያዝልሽ» ሲሉኝ፣ እኔም ውሃ የሞላውን ከረጢት በሁለት እጄ ጎንበስ ብዬ ሳቀብላቸው ነው። ከረጢቱ ውስጥ ዓሣዬ ነበረች። ተቀብለውኝ ወደ ሚዛኑ ሄዱ። ሚዛኑ ጋ የቆመው ሰውዬ «የማን ናት?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ኃይለ መስቀል ምንም ሳያመነቱ የራሳቸውን ስም ተናገሩ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ንዴቴ እሱ ነው።

ሰላምታ ማስቀደም ሲገባኝ ክስ አስቀደምኩ፤ ይቅር ይበሉኝ። እንዴት ሰነበቱ? ፍልሰታን በሰላም ፈጸሙ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገልዎ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከንዴት በቀር ሌላ በሽታ የለብኝም። በስልክ ያልነገርኩዎ ጋሼ ለእርስዎ ሲደውሉ ሁልጊዜ ስፒከሩን ስለሚከፍቱ፣ እኔ ስደውልም ከጎኔ ስለማይጠፉ ነው። ስለዚህ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ። እርስዎም እንደዚሁ ያድርጉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ታክሲ ነጂዎች፣ ነርሶችና ባለሱቆች ሆነን ያቋቋምነው የዓሣ አጥማጆች ማኅበር አለን። የምናጠምደው ባስ የሚባል ዓሣ ነው፤ ጎኑ ነሐስ የመሰለ፣ ዓይኑ ቀይ፣ ጠባዩ እንደ እኔ። ተመዝኖ ነፍሱ ሳይወጣ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። የሚጠመደውም በጎማ ወይም በብረት በተሠራ ማታለያ ብቻ ነው፤ ሥጋም ትልም መጠቀም ክልክል ነው። የዚህ አገር በጋ እስኪያልቅ ትልቁን ባስ የያዘ ሰው፣ መስከረም ላይ ከሊንውድ ከተማ ማኅበር ጋር በሚደረገው ውድድር ጀልባችንን ይመራል። ጀልባዋ አንድ ናት፤ መሪዋም አንድ። ሴት መርታት አታውቅም። እኔ ደግሞ ይህችን ወንበር ከተመኘሁ ዓመታት አልፈዋል። ድልድይ መርማሪ መሐንዲስ ነኝ፤ የሥራ ፈቃዴን እንኳ ሳላርፍበት ለዚህች ቀን ነው ያስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ማለዳ ከሴዋርድ ፓርክ ጫፍ፣ ድንጋዩ ወደ ጥልቁ የሚወርድበት ቦታ ላይ መንጠቆዬን ወረወርኩ። ጋሼ ከጀልባዋ ኋላ ብርድ ልብስ ተከናንበው ያንኮራፋሉ። ክሬ ተወጠረ። ዓሣዋ ከውሃው ዘልላ ስትወጣ ጮህኩ። እሳቸው አንድ ዓይናቸውን ከፈት አድርገው «ቀስ በይ፣ ጀልባዋን ታናውጪያለሽ» አሉና ተመልሰው ተኙ። የእሳቸው ድርሻ ይኸው ነው። ሚዛን ላይ ስድስት ፓውንድ ሆነች፤ ለዚህ ዓይነቱ ዓሣ ትልቅ ነገር ነው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ጋሼ፣ ዓሣዋ እኮ የኔ ናት» አልኳቸው።

«ያንቺና የኔ የተባባልነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ሚዛኑ ላይ ስምዎን ከሰጡ ወዲህ።»

«አየሽ፣ ትምህርት ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል» ብለው ሬዲዮውን ከፈቱ።

እትዬ፣ ታላቅ እህታቸው ነዎት። በዚህ ዓለም የሚፈሩት ሰው ቢኖር እርስዎን ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ደውለው ሲነግሩዎ እልል እንዳይሉላቸው።

አክባሪዎ ሶስና


ሐዋሳ
ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሶስና

ሐይቁ ዳር እንዳለው ሾላ ጥላሽ ይስፋ፤ ሥርሽ ውሃ አይጣ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል፤ ዘንድሮ አንድ ቀን አልተሳሳተም።

ልጄ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ እልል ካልኩ በኋላ ነው። ኃይሌ በዚያው ቅዳሜ ደውሎ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ «ምን ተገኘ?» ብሎ መጣ። አዲስ አበባ ላሉት ዘመዶቻችንም ደውሎላቸዋል፤ እነሱም መልሰው ለኔ ደወሉልኝ። አሁን እንዴት ብዬ እልልታዬን እመልሳለሁ?

ደግሞም ዓሣ ነው እኮ። ልጅ ሆነሽ አገር ስትቀይሪ ተቀብሎ ያሳደገሽ፣ ማታ ታክሲ እየነዳ ቀን ትምህርት ቤት ያደረሰሽ ሰው ነው። ቻል አድርጊው። እሱ ይያዘው፤ አንቺ ወጣት ነሽ፣ ሌላ ታጠምጃለሽ።

ይዞ መልቀቅ የምትሉት ነገር ግን አልገባኝም። አሞራ ገደል ላሉት አጥማጆች ብነግራቸው መረባቸውን ጥለው ሳቁ። አንዱማ «እትዬ፣ ልጅቱን ሐኪም ያሳዩዋት» አለኝ። ለመሆኑ ሥጋ ከልክሎ ዓሣ ማጥመድ ምን ይሉት ሕግ ነው? ሥጋ የተጠቀመ ሰው ቢገኝ ምን ይሆናል? ጻፊልኝ፤ እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል፤ ቀለሙ ደማቅ አይሁን። ለእንቁጣጣሽ ማኅበርተኛው ኃይሌ ቤት መሰብሰባችሁ አይቀርም። ደውሉልኝ፤ ሁላችሁንም ልመርቅ።

እትዬሽ አጸደ


ሲያትል፣ ስካይዌይ
ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አጸደ

አሮጌው ዓመት ከነሕመሙ ይሂድልዎ። ጃኬቱን ገዝቼአለሁ፤ ቀለሙ ቡናማ ነው። መልካም ምኞቴ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ተቀይሜዎታለሁ።

ትናንት ከሰዓት በር ተንኳኳ። ስከፍት የማኅበራችን ሊቀመንበር ጋሽ ደበሳይ ከማኅበርተኛችን ከጋሽ ወልደ ሥላሴ ጋር ሱፍ ለብሰው ቆመዋል። ጋሽ ደበሳይን በሱፍ ያየኋቸው ሰርግ ላይ ብቻ ነው። ለጋብቻ ልጠየቅ መሰለኝ፤ ማን ልኳቸው ይሆን ብዬ የማውቃቸውን ወንዶች ሁሉ በሐሳቤ ቆጠርኩ።

«ግቡ እንጂ።»

«አንገባም» አሉ ጋሽ ደበሳይ። «እሺ ካላልሽን አንገባም፤ ብንገባም አንቀመጥም።»

«ምኑን ነው እሺ የምለው?»

«አስቀድመሽ እሺ በይ፣ ጓለይ» አሉኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሽማግሌ እሺ ይባላል።»

«ጋሼ፣ ሳላነበው የፈረምኩት ነገር የለም። ይንገሩኝ።»

እትዬ፣ ስለ ዓሣዋ ነው የመጡት። ስለ አንድ ዓሣ ሽማግሌ ተልኮብኛል። ጋሽ ኃይለ መስቀል ሰው ፊት ስማቸውን ጠርተዋልና አሁን ማስመለስ ውርደት ነው፤ ጀልባዋን እሳቸው ይምሩ፤ እኔ ረዳት ልሁን አሉኝ።

«ረዳት ምን ትሠራለች?»

«መንጠቆ ታስሪያለሽ፣ ሞተሩን ትይዢያለሽ። ከፈለግሽ ታጠምጃለሽም» አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው።

«ያጠመድኩት በማን ስም ይመዘናል?»

ተያዩ። ጋሽ ወልደ ሥላሴ ሰዓታቸውን ገልጠው «ፓርክ ያደረግንበት ቦታ ሰዓቱ ሊሞላ ነው» አሉ። ስካይዌይ ውስጥ ፓርኪንግ የሚከፈልበት መንገድ የለም።

«እሳቸው ራሳቸው ለምን አልመጡም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ትልቅ ሰው ልጅ ደጅ መጥቶ ይቅርታ አይልም፣ ጓለይ።»

«ትልቅ ሰው ከልጅ እጅ ዓሣ ሲቀበል ግን ምንም አልከበደውም።»

ጋሽ ወልደ ሥላሴ ሳቃቸው አመለጣቸውና በሳል ሸፈኑት። ጋሽ ደበሳይ ግን «ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም» ብለው ቆሙ። እውነታቸውን ነው። በረንዳዬ ላይ ከበቀለው ቲማቲም በፌስታል ሞልቼ ሸኘኋቸው።

ስለ ሕጉ ጠይቀውኝ ነበር። ሥጋ የተጠቀመ ሰው ዓሣው ይሰረዛል፤ ጀልባ የመምራት መብቱም አብሮ ይቀራል። ለወሬ ከሆነ ይኸው በቂ ነው። እኔ የጠየቅሁዎን ግን አልመለሱልኝም።

ጋሼ አሳድገውኛል። አንድም ቀን ክጄ አላውቅም። ሐኪም ቤት የምወስዳቸው እኔ ነኝ፤ ከኢንሹራንሱ ጋር የምጨቃጨቅላቸው እኔ ነኝ፤ በጎማ ማጥመድንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ውለታ ግን ዓሣ አያጠምድም። ሌላ ታጠምጃለሽ ያሉኝ ለማጽናናት መሆኑ ይገባኛል። ሌላም ባጠምድ «ስጪኝ» የሚል አይጠፋም።

እንቁጣጣሽ ዕለት ግብዣው ላይ እገኛለሁ። ብቀር አኮረፈች ይሉኛል፤ ይህን ደስታ አልሰጣቸውም።

ሶስና


ሐዋሳ
መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሶስና

አዲሱ ዓመት ክርሽ የማይበጠስበት፣ ጠላትሽ የሚስቅልሽ ዓመት ይሁንልሽ። የቆየሁት ኔትወርክ ጠፍቶ ነው። ጎረቤቴ ባየሽ «ኔትወርክማ አለ» ትላለች፤ አትስሚያት።

መቼም እንቁጣጣሽ ዕለት እዚያው ነበርሽ። እኔ ግን በጆሮዬ ብቻ ነው የነበርኩት፤ የሰማሁትን ልጻፍልሽና ያየሽውን ትጽፊልኛለሽ።

ኃይሌ እንደ ልማዱ ስፒከሩን ከፈተ። ሰው ሁሉ «እንኳን አደረስዎ» አለኝ። መረቅኋችሁ። ከዚያ መቼም የሴት ወሬ አይቆምም፤ «ኃይሌ፣ ያቺን ዓሣ እስቲ እንዴት እንደያዝካት ንገረኝ፤ እዚህ ያሉት አጥማጆች ጠይቂልን ብለውኛል» አልኩት።

«እትዬ፣ እሱማ ሙያ ነው።»

«ሙያውን አላጣሁትም። ምን አብልተህ ነው? ባዶ መንጠቆ የሚነክስ ዓሣ እኔ አላውቅም።»

«የዶሮ ጉበት ነዋ» አለኝ። «ልጆች ሆነን እዚያው ሐይቃችን ላይ እንዳደረግነው።»

እኔም «ጎበዝ» አልኩት። ከዚያ ማንኪያ ሲወድቅ ሰማሁ። አንድ ወፍራም ድምፅ «ምን አሉ፣ ጋሽ ኃይለ?» አለ። ኃይሌ «እ... ማለቴ...» ሲል መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሆናል።

ነገር አበላሽቼ ከሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ አሮጊት፣ ስለ እናንተ ሕግ ምን አውቃለሁ? ጃኬቱን ተይው፤ ዝናቡም አቁሟል። ወሬውን ላኪልኝ።

እትዬሽ አጸደ


ሲያትል፣ ስካይዌይ
መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አጸደ

እግዚአብሔር ለእርስዎና ለምላስዎ ዕድሜ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ባቡር ውስጥ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ፣ ቢከን ሂል ጣቢያ ላይ የገቡ ሰዎች ከአጠገቤ ተነሥተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ። ስለ ሕጉ የጠየቁኝ «እንዲያው ለወሬ» ነበር አይደል? ተቀይሜዎ ነበር፤ ቅያሜዬን በሙሉ አንስቻለሁ።

ያየሁት ይኸውልዎ። ጉበት የሚለው ቃል ሲወጣ ጋሽ ደበሳይ የጎረሱትን ሳያላምጡ ቆሙ። ማንኪያው የጋሽ ወልደ ሥላሴ ነው። ጋሼ ስልኩን ዘጉት፤ ኔትወርክ አይደለም። ከዚያም «ቀልዴን ነው» አሉ። ማንም አልሳቀም። ጓደኛዬ ወጋሕታ ብቻ፣ ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተክላ «ጉበቱ ጥሬ ነበር ወይስ ጥብስ?» አለች። ጋሼ ከዚያች ቀን ወዲህ አልደወሉልኝም።

ዓሣዋ ተሰረዘች። የማጠምደው እኔ፣ የሚዋሸው ሌላ፣ የምትሰረዘው ደግሞ ዓሣዬ። ከእሷ ቀጥሎ ትልቁን የያዙት ጋሽ ወልደ ሥላሴ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ጀልባ ላይ ሲወጡ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ያችንም ያጠመዷት ከሐይቁ ዳር፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ጀልባ ምሩ ሲባሉ ፊታቸው አመድ መሰለ።

ትናንት በሬ እንደገና ተንኳኳ። ያው ሱፍ፣ ያው ሽማግሌዎች።

«ሶሲዬ» አሉ ጋሽ ደበሳይ። ሶሲዬ ሆኛለሁ። «እውነቱን መናገር አለብሽ።»

«የትኛውን?»

«ዓሣዋን አንቺ በጎማ እንዳጠመድሻት ነዋ። ማኅበሩ ፊት ትናገሪያለሽ፤ ስረዛው ይነሣል፤ ጀልባዋንም ትመሪያለሽ። ኦኬ?»

«ባለፈው ዝም በይ ብላችሁኝ ነበር።»

«ያ ባለፈው ነው።»

እውነቴን ነው እትዬ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወንበሯ ፊቴ ቆማ ታየችኝ። ነገር ግን እኔ ብናገር፣ ያደገችበትን ቤት የከሰሰች ልጅ እባላለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የተበደሉ ሽማግሌ ሆነው ይቀራሉ። «እኔ ምንም አልናገርም» አልኳቸው። «ስሙን የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ እዚያው ሚዛን ላይ፣ እዚያው ሰውዬ ፊት፣ እሳቸው ይመልሱት። ካልሆነ ጀልባዋ ያለኔ ትሂድ።»

«ውድድሩ እኮ መጣ።»

«እሳቸውም መንገዱን ያውቁታል።»

በዚህኛው ጊዜ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። ሲወጡ ጋሽ ወልደ ሥላሴ ወደ ኋላ ቀረት ብለው «ቲማቲም ቀርቷል?» አሉኝ።

ሐይቁ ተለውጧል። ማለዳ ጉም ይወርድበታል፤ ሜፕል የሚባለው ዛፍ ቅጠል ዳር ዳሩን ይንሳፈፋል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ባስ ለብርዱ ወራት ለመስባት ትናንሽ ዓሣዎችን እያባረረ ወደ ዳር ይወጣል፤ የሚያጠምደው ሰው የሚጠብቀው ይህን ጊዜ ነው። እኔ ከዳር ቆሜ አየዋለሁ። እሳቸው ካልመጡ በዚህ ዓመት እዚያው ዳር እቀራለሁ። እጄን ይበላኛል፤ ሐሳቤን ግን አልለውጥም።

ሶስና


ሐዋሳ
መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሶስና

የዛሬው ደመራ መውደቂያው ወዳንቺ ወገን ይሁን። ይህችን አጭር ደብዳቤ የምጽፈው ልጆቹ ችቦ ይዘው ደጅ እየጠበቁኝ ነው።

ኃይሌ ደወለ። ስፒከሩን አልከፈተም። ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ፤ ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ፤ ተመልሶ ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ። በመጨረሻ «እትዬ፣ አውቀሽ ነው?» አለኝ። «ምኑን?» አልኩት። «በይ ደህና ዋይ» ብሎ ዘጋው።

ልጄ፣ እሱ እዚያ አገር ሲኖር ማንም አጨብጭቦለት አያውቅም። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሰው «አመሰግናለሁ» ቢሰማ ነው። ያን ቀን ሚዛኑ ጋ ጭብጨባው አፉን አስከፈተው። ይህን የምነግርሽ እንድታውቂው ነው፤ የራበው ሰው ከሰው ሳህን ላንሣ ቢል ትክክል ነው ማለቴ አይደለም።

ከመጣ ድንጋይ ተሸከም እንዳትይው፤ ወንበር ስጪው። እዚያ ሰዎቹ ፊት ከተናገረልሽ ደግሞ ይብቃሽ። አዲስ አበባና እዚህ ላለው ዘመድ ነገሩ እንዳለ ይቀመጥ፤ እኔም ለማንም አልናገርም። ለእሱም ትንሽ ይቅርለት።

እትዬሽ አጸደ


ሲያትል፣ ስካይዌይ
መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ ለእትዬ አጸደ

በዚህ ዓመት ጉልበትዎ ዝናብ ብቻ ሳይሆን ፀሐይም ይንገርዎ። ጋሼ መጡ።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ጀልባ ማውረጃው ጋ የሁለቱም ማኅበር ሰው ተሰብስቦ ነበር። ጋሽ ወልደ ሥላሴ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ውጠው፣ እንደሚሰዋ በግ ጀልባዋ አጠገብ ቆመዋል። የጋሼ ታክሲ መጥቶ ቆመ። የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው ወረዱ። እኔን አላዩኝም። በቀጥታ ሚዛኑ ጋ ወደቆመው ሰውዬ ሄዱና በእንግሊዝኛም በአማርኛም፣ ሁሉም እየሰማቸው ተናገሩ።

«ያችን ዓሣ ያጠመደቻት ሶስና ናት። በጎማ ነው ያጠመደቻት። ጉበት የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ ተኝቼ ነበር።»

ጋሽ ደበሳይ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «መተኛታቸውን የሚመሰክር አለ?» አሉ።

«እንዴ፣ ማንኮራፋታቸው ሊንውድ ድረስ ይሰማ ነበር» አለ አንዱ ከሊንውዶች ወገን። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ጋሼም ሳቁ፤ ዓይናቸውን ግን ጠረጉ። ጠጋ ብዬ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው። ወንበርም ሰጠኋቸው፤ እንዳሉኝ። ከሁሉ በላይ የተደሰቱት ጋሽ ወልደ ሥላሴ ናቸው። የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን አውልቀው በገዛ እጃቸው አለበሱኝ።

እትዬ፣ ጀልባዋን መራሁ። ወጋሕታ ረዳቴ ነበረች፤ የራሷን ዓሣ በራሷ ስም እያስመዘነች። ጉሙ ሲገለጥ ሐይቁ በትናንሽ ዓሣዎች ፈላ፤ ባሶቹ ከሥር እየመጡ ይዘልላሉ። ክንዴ እስኪዝል አጠመድኩ። አንዱ ከጀልባዋ ሥር ገብቶ ክሬን በጠሰብኝና የማልጽፈው ነገር ተናገርኩ። ጋሼ ከዳር ሆነው «ቀስ በይ፣ ጀልባዋን ታናውጪያለሽ» ብለው ጮኹብኝ፤ ከሁለቱም ጀልባ ሳቅ ተነሣ። በድምሩ ሊንውዶች በለጡን፤ ግን ለጥቂት ነው። ጋሽ ደበሳይ እስካሁን ሚዛኑ የተንሻፈፈ ነው ይላሉ። የቀኑን ትልቅ ባስ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ስሜ ሲጠራም እኔው ነበርኩ የቆምኩት። ከዚያ ዓሣውን ውሃው ውስጥ ይዤው ቆየሁ፤ ጅራቱን አወዛውዞ ከእጄ ወጣ።

ደብዳቤዬ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ስንመለስ ግን ጋሼ መሪያቸውን ይዘው፣ መንገዱን እያዩ፣ «ሶስና፣ እዚህ ተናግሬያለሁ አይደል? አገር ቤት ላሉት እንዳለ ይቅርልኝ። እነሱ ምን ቸገራቸው» አሉኝ። እርስዎም አስቀድመው ይህንኑ ጽፈውልኛል። ስለሚዋደዱ ነው የተመሳሰላችሁት። መልሴ ለሁለታችሁም አንድ ስለሆነ እዚህ ልጻፈው፤ እሳቸውንም መኪና ውስጥ ይኸንኑ ብያቸዋለሁ።

እወዳቸዋለሁ። እሑድ ወደ ቤታቸው እሄዳለሁ፤ ሐኪም ቤትም እወስዳቸዋለሁ፤ በሚቀጥለው በጋ ከጀልባዬ ኋላ ብርድ ልብሳቸውን ዘርግተው ቢያንኮራፉ ደስ ይለኛል። እርስዎንም፣ ያንን ጥያቄ ስለጠየቁልኝ፣ ዕድሜ ልኬን አልረሳዎትም። ነገር ግን ለባዕድ የተነገረው እውነት ከዘመድ እንዲደበቅ አልቀበልም። ስላሳደጉኝ ብለው የሠራሁትን እንዲወስዱት አልቀበልም፤ ወስደው ሲመልሱም ግማሹን ብቻ እንዲመልሱ አልቀበልም። ጋሼ በስልክ ለማን ለማን እንደነገሩ ያውቃሉ። ለእያንዳንዳቸው መልሰው እስኪደውሉ ድረስ እጠብቃለሁ፤ በእሳቸው ፈንታ እኔ ራሴ አልደውልም፤ እርስዎም እንዳይደውሉላቸው እለምንዎታለሁ። እንዲሁም «ቻል አድርጊው» የሚለውን ምክር፣ ከማንም አፍ ይምጣ፣ ከእርስዎም ቢሆን፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።

አክባሪዎ
ሶስና